የአዲስ አበባ ዳርቻ እንዴት እዚህ ደረሰ? ከጤፍ ማሳ እስከ ኮንዶሚኒየም

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲና በአያት አድርጎ ወደ ለገጣፎ በሚያወጣው መንገድ የሄደ ሰው በአንድ ጉዞ የብዙ ዘመን ቤት ያያል። መጀመሪያ በደርግ ጊዜ የተሠሩ አፓርታማዎች ይመጣሉ፤ አለፍ ሲል በማህበር የተሠሩ ባለ ግቢ ቤቶች፣ ከዚያ የሪል እስቴት ቪላዎች፣ ከዚያ ኮንዶሚኒየም። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ጭቃና ብሎኬት የተቀላቀለበት፣ መንገዱ ጠባብና ጠማማ የሆነ ሰፈር አለ። ወቅቱ ክረምት ከሆነ ደግሞ ታጥሮ ገና ያልተገነባበት መሬት ላይ ጤፍ በቅሎ ይታያል።

ይህ ሁሉ ለምን እንዲህ ተደባለቀ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሕዝቡ በዛ፣ ከተማው ሰፋ» የሚል ነው። ሕዝቡ መብዛቱ እውነት ነው፤ በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ወደ 1.4 ሚሊዮን የነበረው የአዲስ አበባ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ይህም ከከተማዋ ወሰን ውጭ ያሉትን ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ለገጣፎንና ሌሎቹን ሳይጨምር ነው። ነገር ግን የሕዝብ ብዛት አንዱ ሰፈር ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጠማማ የሆነበትን ምክንያት አያስረዳም። አንዱ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ጎረቤቱ ጨረቃ ቤት የሆነበትንም አያስረዳም። ይህን ለመረዳት በየዘመኑ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መሬቱ በማን እጅ ነበር? በምን ወረቀት ተላለፈ? ሲያርሰው ለነበረው ሰው ስንት ተከፈለው? የከተማዋን ዳርቻ የቀረጹት ከሁሉ በላይ እነዚህ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሚገባው በላይ ተዘንግቷል።

ከሰፈር እስከ ፋብሪካ

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አካባቢ ሲከትሙ ቦታው ባዶ አልነበረም፤ የኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ይኖሩበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ አደሉ፤ እያንዳንዱም ከነሠራዊቱና ከነቤተሰቡ ከፍ ያለውን ቦታ መርጦ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ናቸው። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ግጦሽና እርሻ ነበር። በዚያን ጊዜ ዳርቻ የሚባለው ነገር በከተማዋ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በየሰፈሩ መካከልም ይገኝ ነበር።

በዙሪያው ያለውን መሬት መልክ መጀመሪያ የለወጠው ቤት አይደለም፤ ዛፍ ነው። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚደርስና ከተቆረጠ በኋላ እንደገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ የእንጦጦን፣ የየካንና የጉለሌን ተዳፋት ሸፈነው። የሰሜኑ ዳርቻ ለብዙ አስርት ዓመታት የማገዶ መሬት ሆኖ የቆየው፣ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶችም ታሪክ የመጣው ከዚህ ነው።

ደቡብ ምሥራቁ በሌላ መንገድ ሄደ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የገባው በአቃቂ በኩል ነበርና፣ ሜዳውም ለጥ ያለ፣ ወንዙም ቅርብ ስለሆነ፣ ጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ፋብሪካዎች ኋላ እዚያ ተተከሉ። አቃቂ ራሷን የቻለች የፋብሪካ ከተማ ሆነች። ዛሬ በደብረ ዘይት መንገድ ቃሊቲን፣ ገላንንና ዱከምን ተከትሎ የተደረደረው የፋብሪካና የመጋዘን ሰልፍ የዚያ ውሳኔ ቅጥያ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው መሬት የሚበዛው የመኳንንት፣ የቤተ ክህነትና የመንግሥት ነበር። የሚያርሰው ጭሰኛ ነው፤ እንደ ስምምነቱ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬቱ ያስረክባል። ባለ መሬቱ ቦታውን ለቤት ሠሪ መሸጥ ሲፈልግ ጭሰኛው የሚጠየቅበት ምክንያት አልነበረም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መሬቱን የሚያርሰው አንድ፣ በመሬቱ ላይ የሚወስነው ሌላ መሆኑ በኋላ ስሙን እየቀየረ ይመለሳል።

ፕላን አልጠፋም። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ገፍቶ የዛሬውን መርካቶ ቦታ አስያዘው። የለንደንን ፕላን ያወጡት እንግሊዛዊ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ያለው ፕላን አወጡ፤ ከእርሳቸው በኋላም ሌሎች ተከታትለው መጡ። ቀለበት መንገድ የሚባለው ግን የተሠራው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ነው። ፕላኑ የሚያልፍበት መሬት ሁሉ ባለቤት ነበረውና ማዘጋጃ ቤቱ ያንን ለመግዛት ገንዘቡም ጉልበቱም አልነበረውም።

1967፤ ሁለት አዋጅ በአንድ ዓመት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ፤ የሚያርሰው ሰው በገበሬ ማህበሩ በኩል ባለይዞታ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውም ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 መጥቶ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዘ። ቤት ለመሥራት የሚፈልግ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሊሰጠው ይችላል፤ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ግን አይፈቀድም።

ለዳርቻው ይህ ያመጣው ውጤት በአንድ ቃል ሲነገር መቀዝቀዝ ነው። ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራ የለም፤ መሬት ሸጦ የሚከብር የለም። ከተማዋ ወደ ውስጥ እየተጨናነቀች፣ በቀበሌ ቤቶች ላይ ተቀጥላ እየተጨመረ፣ ወሰኗ ግን ብዙ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። የቦሌን አውሮፕላን ማረፊያ አለፍ ሲሉ፣ ገርጂ፣ ላፍቶ፣ መካኒሳ ሲደርሱ እርሻ ነበር።

ዳርቻው ላይ በዚያ ዘመን የተተከለው ዋናው ነገር የቤት ሥራ ማህበር ነው። ሠራተኞች በማህበር ይደራጃሉ፣ ቦታ በነጻ ይመራሉ፣ ከባንክ በአነስተኛ ወለድ ይበደራሉ፣ ቤቶቹም በአንድ ዓይነት ንድፍ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ሰፈር ዛሬም በቀላሉ ይለያል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግቢው እኩል እኩል የተቆረጠ፣ ቤቱ መሃል ላይ የተቀመጠ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ግቢው ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ። ከዋናው ቤት ጀርባ አጥሩን ተደግፎ በረድፍ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ይገኛል፤ መጀመሪያ ለማብሰያና ለዕቃ ማስቀመጫ የታሰበ አንድ ክፍል ነበር፤ ልጅ ሲያድግ ሁለተኛ ተጨመረ፤ ጡረታ ሲመጣ ሦስተኛና አራተኛ ተቀጥሎ ተከራየ። በመንገድ በኩል ያለው አጥር ተበስቶ ሱቅ ወጣለት። ለአንድ ቤተሰብ የተመራው ቦታ አምስትና ስድስት ቤተሰብ ይዟል። ማንም ፕላነር ያላቀደው፣ ነገር ግን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ከማንኛውም ፕሮግራም ባላነሰ ቤት ያቀረበ አሠራር ነው፤ ሲገባው ምስጋና አላገኘም።

ሊዝ፤ የአንድ መሬት ሁለት ዋጋ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በሊዝ ማስያዝ ጀመረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጸና። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ እንዲህ ይሆናል፤ መሬቱ አይሸጥም፤ መንግሥት ግን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብቱን በጨረታ ወይም በምደባ ያስተላልፋል። የሊዝ ሕጉ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት ነው፤ ለከተማ ግብርና ግን 15 ዓመት ብቻ። ሕጉ ከተማ ውስጥ የሚታረስን መሬት እንደ ጊዜያዊ ነገር እንደሚያየው ከዚህ በላይ የሚናገር ቁጥር አላውቅም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ለሊዝ የሚቀርበው ቦታ ከየት ይመጣል? ከመሃል ከተማ የሚመጣው በመልሶ ማልማት ነው፤ እሱ ውድና አስቸጋሪ ነው። ከዳርቻው የሚመጣው ከገበሬው ነው። አካሄዱም እንዲህ ነው፤ መሬቱ በፕላን ውስጥ ይገባል፣ ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋል ተብሎ ይወሰናል፣ ማሳው ይለካል፣ ዛፉና ሰብሉ ይቆጠራል፣ ካሳው ይሰላል፣ ገበሬው «የልማት ተነሺ» ተብሎ ይነሳል።

ካሳው የሚሰላው መሬቱ በከተማ ምን ያወጣል ተብሎ አይደለም፤ ማሳው ምን ያመርታል ተብሎ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ቋሚ ይዞታውን ለሚለቅ ገበሬ ለንብረቱ ከሚከፈለው ሌላ፣ ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ይላል። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አድርጓል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው። አንድ ገበሬ ከአንድ ሄክታር ጤፍና ሽምብራ በዓመት 20,000 ብር ያገኛል እንበል። በአሥር ሲባዛ 200,000 ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ካሬ የደረሰው 20 ብር ነው። በአዲሱ አዋጅ በአሥራ አምስት ቢባዛ 30 ብር ይሆናል። ያው ካሬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለጨረታ ሲወጣ በሺህ ብር ይቆጠራል። በመካከሉ ለመንገድ፣ ለውኃና ለመብራት ወጪ አለ፤ መሬቱ ሁሉም ለሽያጭ አይቀርብም፤ ይህ እውነት ነው። በ20 ብርና በሺህ መካከል ያለው ርቀት ግን በአስፋልት ዋጋ ብቻ አይሞላም።

ይህንን ክፍተት ገበሬው ያውቃል፤ ደላላውም ያውቃል። ቤት የሌለው የከተማ ሰውም ያውቃል። ጨረቃ ቤት የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

ጨረቃ ቤት ስሙን ያገኘው በአንድ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ስለሚቆም ነው፤ ነገሩ ግን ከአንድ ሌሊት በላይ ስሌት አለው። ገበሬው መሬቱ ሊወሰድ መሆኑን ሲሰማ ሁለት ምርጫ አለው። በካሬ 20 ብር ካሳ መጠበቅ፣ ወይም ዛሬውኑ ሸንሽኖ ከዚያ ብዙ እጥፍ መሸጥ። ገዢውም ሊዝ ከሚያወጣው በጣም ባነሰ ዋጋ ቦታ ያገኛል። መሬት መሸጥ ክልክል ስለሆነ ውሉ የሚጻፈው የጎጆ ወይም የቤት ሽያጭ ተብሎ ነው፤ ምስክር ይቆማል፣ ገንዘብ ይቆጠራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቆርቆሮ ይመታል። የሚያጣው የሌለ ይመስላል። አደጋው የሚመጣው በኋላ ነው፤ ካርታ የለውምና አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ሕይወቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ያፈሰሰ አባወራ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። እንዲህ ያለ መፍረስ ያየ ሰው «ሕገ ወጥ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አይወረውረውም።

የእነዚህን ሰፈሮች አቀማመጥ ለመረዳት መንገዱ በድንገት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማየት ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የሁለት ማሳ ድንበር ነበር። አንዱ ገበሬ መሬቱን ርዝመቱን ተከትሎ ሸነሸነ፤ ጎረቤቱ ወርዱን ተከትሎ። ሁለቱም ለመንገድ ብለው የሚተዉት እያንዳንዱ ሜትር ከኪሳቸው የሚወጣ ስለሆነ የተዉት ጋሪ የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ነው። መንገዶቹ ሲገናኙ ፊት ለፊት አይጋጠሙም፤ አንዱ በሌላው ግድግዳ ላይ ይቆማል። ዛሬ በዚያች መታጠፊያ የእሳት አደጋ መኪና አይዞርም፤ ሽንት ቤት የሚመጥ ቦቴም ከዋናው መንገድ ቧንቧ ዘርግቶ ነው የሚሠራው። ከአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤት መብራት ይቀጥላል። ኋላ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ያችው ጠማማ መንገድ በድንጋይ ጸናች። የማሳው ቅርጽ ከማሳው በላይ ዕድሜ አገኘ ማለት ነው።

መስተዳድሩ በየጊዜው እነዚህን ይዞታዎች ሕጋዊ ለማድረግ መመሪያ አውጥቷል። መለኪያው የአየር ፎቶግራፍ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. በተነሳው ፎቶግራፍ ላይ የሚታይ ቤት መስተካከል የሚችል «ሰነድ አልባ ይዞታ» ሆነ፤ የማይታየው ግን አልታደለም። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን መስመር በተሰመረ ቁጥር ሰው የሚቀጥለውን መስመር እየገመተ ይሠራል። ሁለቱ ዋጋዎች እስካልተቀራረቡ ድረስ ፎቶግራፍ ብቻውን ሊያቆመው አይችልም።

ኮንዶሚኒየም ለምን ዳር ወጣ?

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀመረ። በመሃል ከተማም ተሠርቷል፤ ልደታና ጎተራን ማየት ይቻላል። ብዛት የያዙት ሳይቶች ግን ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ናቸው፤ ሁሉም በተሠሩበት ጊዜ ዳርቻ ነበሩ። ምክንያቱ ከላይ የተነገረው ስሌት ነው። የቤቱ ዋጋ ዝቅ እንዲል መሬቱ በነጻ ያህል መገኘት ነበረበት፤ በነጻ ያህል የሚገኘው ደግሞ የጤፍ ማሳ ነው። ለከተማው ድሃ የተደረገው ድጎማ ከፊሉ ከባንክና ከመንግሥት ካዝና ወጣ፤ ከፊሉን ግን በዝቅተኛ ካሳ የተነሳው ገበሬ ከፍሎታል። ይህንን ስናገር የቤት ፕሮግራሙን ለማሳነስ አይደለም፤ በጭቃ ቀበሌ ቤት ውስጥ ያረጁ ብዙ ቤተሰቦች የራሳቸውን በር በቁልፍ የከፈቱት በእርሱ ነው። ሒሳቡ ሙሉ ሆኖ ይነገር ለማለት ነው።

በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት ፕሮግራሞች ስማቸው አከፋፈላቸው ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው አስቀድሞ የሚቆጥበው መቶኛ፣ ሁለተኛው ከባንክ የሚበደረው ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉ ግን ገብቶ አልኖረበትም። ሥራው መርካቶ ወይም ፒያሳ የሆነ፣ በእግሩ ደርሶ የሚሸጥ ሰው ጀሞ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሲላክ የትራንስፖርቱ ወጪ ከገቢው ይቆርስበታል፤ ስለዚህ ቤቱን አከራይቶ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል፣ እሱ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ይኖራል። ዳርቻው ለአንዱ የኪራይ ገቢ፣ ለሌላው አዲስ ሰፈር ሆነ።

ግቢው ውስጥ ያለው አኗኗርም መታየት አለበት። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ በየብሎኮቹ መካከል የጋራ ቤት ተሠርቷል፤ ሰው «ኮሙናል» ይለዋል። በበዓል ዋዜማ ተራ ይያዝበታል፤ በሌላው ቀን በአንዳንድ ቦታ ሱቅ፣ የማህበር ቢሮ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል። ባዶው መሬት መኪና ማቆሚያ ሆነ፤ ከምድር ቤት የሚኖሩት በመስኮታቸው ሥር ጎመንና ጤና አዳም ተከሉ። ዕድር በብሎክ ተደራጀ። ከመሃል ከተማ ሲወጡ የድሮ ዕድራቸውን ያጡ አረጋውያን እንደገና ለመተዋወቅ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ይህ በማንኛውም የቤት ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ዋጋ ነው።

መንገዱም አብሮ ተለወጠ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር፣ ሁሉም በደረሱበት የመሬቱን ዋጋ ከፍ አድርገዋል። ጭማሪው ግን አስቀድሞ ለተነሳው ገበሬ አይደርሰውም፤ የእርሱ ካሳ ቀደም ብሎ በሰብሉ ተሰልቶ ተዘግቷል።

ወሰኑ የማን ነው?

አዲስ አበባ በሁሉም አቅጣጫ በኦሮሚያ የተከበበች ናት፤ ስለዚህ ዳርቻው ሲሰፋ የመሬት ጉዳይ የአስተዳደርና የማንነት ጉዳይ ይሆናል። የኦሮሚያ ክልል በ2000 ዓ.ም. በዙሪያው ያሉትን ከተሞች በአንድ ልዩ ዞን አደራጀ። ቀጥሎ አዲስ አበባንና ዞኑን በአንድ የሚያይ የተቀናጀ ፕላን ተዘጋጀ። ለፕላነሩ ነገሩ የውኃ፣ የመንገድና የቆሻሻ ቅንጅት ነበር። ለገበሬውና ለልጆቹ ግን ሲደርስባቸው የኖረውን መነሳት የሚያሰፋ ሆኖ ታያቸው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ተቃውሞ በኅዳር 2008 ከጊንጪ ጀምሮ እንደገና ተነሳ፤ ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን አጡ፤ በጥር 2008 ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ። በየካቲት 2011 ኮዬ ፈጬን ጨምሮ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣም ተቃውሞ ተነሳ። በዚያ ጊዜ ዕጣ የወጣላቸው ቤት ናፋቂዎችም፣ መሬታቸው የተወሰደባቸው ገበሬዎችም እውነት አላቸው፤ ሁለቱን ፊት ለፊት ያጋጠማቸው ከዓመታት በፊት በተዛባ ሁኔታ የተሠራው የካሳ ስሌት ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ሰንዳፋ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው ዛሬ አዲስ አበባን የሚከብ ሌላ ከተማ አለ።

ቆሻሻውና ውኃው

ከተማ ወደ ዳር የሚገፋው ቤት ብቻ አይደለም። በረጲ ያለው የቆሻሻ መጣያ «ቆሼ» ሥራ የጀመረው ከአምሳ ዓመት በላይ በፊት ነው፤ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው ሄዶ ደረሰበት፤ ቆሻሻው ግን እዚያው መከመሩን ቀጠለ፤ በዙሪያውም፣ በላዩም ሰው ቤት ሠራ። ምትክ ተብሎ በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው በዚያው ዓመት ቆመ፤ ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለእኔ ይህ አደጋ ብቻ አይደለም፤ «ዳር» ብለን የምንጠራው ቦታ ለሌላ ሰው ቤቱ መሆኑን መርሳት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

ውኃውም እንዲሁ ነው። ለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ ዙሪያው ገጠር ነበር፤ ዛሬ ውኃ በሚሰበስብበት አካባቢ ከተሞች እያደጉ ነው። በአቃቂ ሜዳ ከምድር የሚወጣው የጉድጓድ ውኃ ከተማዋን የሚያጠጣ ትልቅ ምንጭ ነው፤ ሜዳው ግን የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የቤት ቦታ እየሆነ ነው። መሬቱ መረሬ፣ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጤፍና ሽምብራ ይወደዋል፤ ቤት ግን አይወደውም። አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በሰለክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) ሳይተካ የተሠራ ግድግዳ በጥቂት ክረምት ይሰነጠቃል። ምርጡን የእህል መሬት ለግንባታ ስንሰጥ ለግንባታ መጥፎውን መሬት መርጠናል ማለት ነው።

አሁን ያለው ክርክር

በቅርብ ዓመታት በመሃል ከተማ በተጀመረው የኮሪደር ልማት የተነሱ ነዋሪዎችም እንደ ገላን ጉራ ባሉ ዳርቻዎች ሰፍረዋል። ዳርቻው ስለዚህ ሁለት ዓይነት ተነሺ ያገናኛል፤ መሬቱ ተወስዶበት እዚያው የቀረ የገበሬ ቤተሰብ፣ እና ቤቱ ፈርሶ ከመሃል የመጣ ቤተሰብ። የገበሬው ልጅ ብዙ ጊዜ አባቱ ሲያርስ በነበረው መሬት ላይ ጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይገኛል። በእጅ የተሰጠ የካሳ ገንዘብ እርሻን ብቻ የሚያውቅ ቤተሰብ ውስጥ ሳይሰነብት ያልቃል፤ ገበሬው ገንዘብ ስለማያውቅ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚያፈራ ሀብት አንድ ጊዜ ብቻ በሚቆጠር ሀብት ስለተተካበት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1161 ውስጥ ግን ከካሳው ማባዣ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚበጅ ድንጋጌ አለ ብዬ አምናለሁ። መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ለማልማት ቅድሚያ መብት አለው ይላል። ይህ በወረቀት እንዳይቀር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ግን ሁሉም መሟላት አለበት። ገበሬው ፕላኑን ከደላላው ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ማሳው በቁጥርና በድንበር በስሙ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ አጎራባች ማሳዎች መንገዱን ሳያጣምሙ አብረው የሚሸነሸኑበት ማህበር መቋቋም አለበት፤ ባንክም ያንን ይዞታ ለብድር ዋስትና መቀበል አለበት። እንዲህ ሲሆን ከአንዱ ሄክታር ጥቂት መቶ ካሬ በካርታ በገበሬው ቤተሰብ እጅ ይቀራል፤ ቀሪው ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለጨረታ ይሄዳል። ካርታ ያለው ገበሬ መሬቱን በጨረቃ ለመሸጥ የሚቸኩልበት ምክንያት አይኖረውም።